የውሰት ላሞች

ድህነትን የመለካት ሥራ የጀመርኩት ራሴ ሥራ አጥቼ ነው። ዲግሪዬ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ደግሞ ከሥሩ ቁጭ ብዬ በእናቴ ሱቅ ሳሙናና ክብሪት እሸጣለሁ። አንድ ቀን የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደውላ መረጃ ሰብሳቢ እየተፈለገ ነው፣ ገጠር መውጣት ትችያለሽ ወይ አለችኝ። ገጠር ቀርቶ ዛፍ ላይ ውጪ ብትለኝም እወጣ ነበር።

ሥልጠናው እዚያው ከተማችን፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰጠን። ለያንዳንዳችን ታብሌት አደሉን፤ ውስጡ የጥያቄ መዓት ነው። ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? ወለሉ አፈር ነው ሲሚንቶ? ብርድ ልብስ አለ? ቴርሞስ አለ? ባለፈው ሳምንት ሥጋ ተበልቷል? ወተት ተጠጥቷል? መጨረሻ ላይ የመሰላል ሥዕል ይመጣል። ታችኛው እርከን ከሁሉ የከፋ ኑሮ ነው፣ ላይኛው ከሁሉ የተሻለ፤ ባለቤቱ እኔ እዚህ ነኝ ብሎ በጣቱ ያሳያል። አሠልጣኛችን ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረን፤ ሰው ሲናገር ሊዋሽ ይችላል፣ ዕቃ ግን አይዋሽም፣ ስለዚህ የምትጠይቁትን በዓይናችሁም እዩ አለን። እኔም እውነቱን ነው ብዬ ተቀበልኩ። ዕቃ እንዴት አድርጎ እንደሚዋሽ ገና አላየሁማ።

የደረሰኝ መንደር ከሮብ ገበያ ወደ ላይ፣ ወደ ጮቄ በኩል ነው። ታኅሣሥ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ቀበሌው መንገድ መሪ ብሎ አንድ ጎልማሳ ሰው ሰጠኝ፤ እግሩም ምላሱም ፈጣን ነው፤ ገና ሰላም ስንባባል «እታለም» ማለት ጀመረ። የመጀመሪያው ቤት የቄሱ ነበር። ቄሱ በአክብሮት አስቀመጡኝ፣ ስለ ጣሪያውና ስለ ወለሉ ደህና መለሱልኝ፤ ከዚያ ባለፈው ሳምንት ሥጋ በልተዋል ወይ አልኳቸው። ፊቴን አዩ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። እንደገና ፊቴን አዩ። የነቢያት ጾም ከገባ ሰንብቷል እኮ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ታብሌቱ መልስ ካልተሞላለት ወደሚቀጥለው አያልፍም። እናም ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ በጾም፣ የክርስቲያንን አገር ሥጋ በልታችኋል ወይ፣ ወተት ጠጥታችኋል ወይ፣ እንቁላልስ እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። በታብሌቱ ዓይን መንደሩ በሙሉ ወተት የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሆነ።

ይሄስ ይሁን። የበለጠ ግራ ያጋባኝ የከብቱ ነገር ነው። ከልኬቱ በኋላ የምትታለብ ላም የሌላቸው ቤቶች ዕጣ ይጣልላቸዋል፤ ዕጣ የወጣላቸው ላም ያገኛሉ ተብሏል። እኛ ይህን እንዳንናገር ተነግሮናል፤ ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቶ ጠበቀን። ቄሱ ላም የለኝም አሉ። በረታቸውን ሳየው እበቱ ገና ይጨሳል። ይሄ ታዲያ ምንድን ነው ስላቸው እበቱን በጥሞና ተመለከቱና የጎረቤት ከብት አልፎ ይሆናል አሉኝ። የሚቀጥለው ቤት አንዲት ድምጿ ወንዝ የሚያሻግር ሴትዮ ናት። ላም? የት አምጥቼ አለች። አልጋ? አልጋ ማን አይቶ። ጭስ ያጠቆረው ግድግዳዋ ላይ ግን አልጋ ሲደገፍበት የኖረው ቦታ ብቻውን ነጣ ብሎ ይታያል። መሰላሉን ሳሳያት ጣቷን ታችኛው እርከን ላይ አድርጋ፣ «ከዚህ በታች የለውም?» አለችኝ።

የለውም አልኳት፤ መናደዴን መደበቅ አልቻልኩም። እኔ ስናደድ አፍንጫዬ ይቀላል። መንገድ መሪው አፍንጫዬን አይቶ፣ ምን ታደርጊዋለሽ እታለም፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል ያገሬ ሰው፣ ይሄ መንደር የሰማዩን ላም ሊያይ ነው የምድሩን የደበቀ አለኝ። የት ነው የደበቀው ብዬ ስጠይቀው ግን ስለ ዘንድሮ ድንች ማውራት ጀመረ።

ያን ቀን ሥራው እንደ ጉድ ፈጠነ። ምንም የሌለው ሰው ምን ይጠየቃል? የለም፣ የለም፣ የለም ብሎ ይጨርሳል። ለሁለት ቀን የተመደበልን መንደር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ሊያልቅ ተቃረበ፤ የቀሩት ከዳገቱ በላይ ያሉት ቤቶች ብቻ ናቸው። እነሱን ነገ እናድርሳቸው አለ መንገድ መሪው። ገና ፀሐይ ናት አልኩት። ጉልበቴን አሞኛል አለ። ጠዋት እንደ ሚዳቋ ሲዘል የነበረ ጉልበት ነው። እኔ ደግሞ አትሂጂ ሲሉኝ ነው እግሬ የሚፈጥነው፤ ቀድሜው ወጣሁ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የሣር ጎጆ አለች። ጎጆዋን ትንሽ ያልኩት በረቱን ካየሁ በኋላ ነው። በረቱ በከብት ተጨናንቆ አጥሩ ወደ ውጭ ተለጥጧል። ቀይ ላም፣ ዳለቻ ላም፣ ጥቁር ላም፣ ጊደር፣ በግ፤ አንድ ረጅም ወጣት መሃላቸው ቆሞ በዱላ ሊያረጋጋቸው ይታገላል። ወጣቱ አንዷንም በስሟ አይጠራትም፤ «ነይ አንቺ፣ ተመለሽ አንቺ» ነው የሚለው፤ ዳለቻዋም ስሟን የማያውቀውን ሰው በእግሯ ጠለዘችው። ሙሉ ቀን ባዶ በረት ሳይ ውዬ ይሄን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መንገድ መሪው ያኔ ክንዴን ያዘና እውነቱን ነገረኝ። የዚህ ቤት እመቤት ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ያን ወጣት ልጃቸውን ብቻ ይዘው የሚኖሩ ሴት ናቸው። የመንደሩ ሰው እማማ ይላቸዋል። ልጁ ወዲያ ማዶ ካለው ጎጥ አንዲት ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች፤ ዛሬ የልጅቱ አባት ቤቱን ሊያዩ መጥተዋል። ባገሩ ወግ አማች ምን አላችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ጠላውን እየጠጣ በዓይኑ ጥግ በረቱን፣ ጎታውን፣ መደቡን አይቶ ይሄዳል፤ ሴት ልጁን መስጠት አለመስጠቱን ከዚያ ይወስናል። እማማ ደግሞ የሚታይ ነገር የላቸውም። ስለዚህ ለዛሬ ብቻ ከብትና ዕቃ አውሱኝ ብለው ጎረቤቱን ለመኑ። ጎረቤቱም ላምና አልጋውን ከእኔ ዓይን የሚያሸሽበት ሲፈልግ ኖሮ ደስ ብሎት ሰጠ። እማማ ሀብታም መምሰል ፈለጉ፣ መንደሩ ድሃ መምሰል ፈለገ፤ ሁለቱ ፍላጎት አንድ በረት ገባ። እኔ እማማ ቤት የምደርሰው ነገ ነው ተብሎ ነበር የታሰበው።

ወይ ጉድ ብዬ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። እማማ ላም አለኝ ካሉ ከዕጣው ይወጣሉ። የለኝም ካሉ አማቹ ይሰማሉ። ተመልሰን እንሂድ አልኩ። ግን ረፍዷል፤ የልጅቱ አባት በበሩ አይተውናል፤ እንግዳ ከደጅ አይመለስም ብለው ራሳቸው ተነስተው አስገቡን።

ውስጡ የዕቃ ሱቅ ይመስላል። አልጋ በአልጋ ላይ ተደራርቧል፤ ቴርሞስ በቴርሞስ አጠገብ ተደርድሯል፤ አንደኛው ላይ የመስቀል ሥዕል ተለጥፎበታል፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከምሰሶው ላይ የሶላር መብራት ተንጠልጥሏል። የልጅቱ አባት ከአንድ ሸበቶ ሽማግሌ ጓደኛቸው ጋር መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ቆመዋል፤ ታብሌቱን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። የልጅቱ አባት ምን ሥራ እንደምሠራ ጠየቁኝ። የየቤቱን ኑሮና ንብረት እለካለሁ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እሳቸው ሊጠይቁት ነውር የሆነባቸውን ሁሉ የምትጠይቅ ልጅ እግዜር በእግሯ አምጥቶላቸዋላ። በይ ልጄ፣ እኛ አናስቸግርሽም፣ ሥራሽን ሥሪ አሉኝና ጠላቸውን ይዘው ተደላደሉ።

ደንቡ ለብቻ ነው የሚጠየቀው አልኩ። ነገ ዘመድ ልንሆን ምን የምንደባበቀው አለ አሉ። እማማ አማቻቸውን ውጡልኝ አይሉ ነገር፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ አድርገው ጠይቂ አሉኝ።

ጀመርኩ። ጣሪያ፣ ሣር። ወለል፣ አፈር። እሱን አንገቱን ቀና ያደረገ ሁሉ ያየዋል። ብርድ ልብስ ስል ግን እማማ የተቆለለውን ክምር አይተው «ይኸው እንደምታዪው» አሉ። ቴርሞስ፣ እንደምታዪው። አልጋ፣ እንደምታዪው። አንድም ቃል አልዋሹም፤ ሰውየውም በየመልሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሥጋ ተበልቷል ወይ ስል ብቻ ቤቱ በሙሉ እኩል አፈጠጠብኝ። ከዚያ የላሟ ጥያቄ መጣች። ለእሷ «እንደምታዪው» አይሆናትም፤ ታብሌቱ አለ ወይም የለም ብቻ ነው የሚቀበለው።

አላስቻለኝም፤ አንጀቴን በሉኝ። ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ የቀረውን ነገ እጨርሰዋለሁ አልኩ። የልጅቱ አባት ፈገግ ብለው ሶላሩን በጣታቸው አሳዩኝ፤ ይኸው መብራት ያለበት ቤት ነው፣ ሰኪው አሉ። መንገድ መሪው ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«ላም አለዎት፣ እማማ?» አልኩ።

ውጭ ዳለቻዋ ጮኸች፤ ልጁም «ዝም በይ አንቺ» ሲላት ተሰማ። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙት፤ ፈቱት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰውየው ዞሩ።

«የለኝም» አሉ። «በረት ያሉት የጎረቤት ናቸው። አልጋውም፣ ቴርሞሱም፣ ይቺ መብራትም የሰው ናት። የእኔ ያቺ ደጅ የምትጭረው ዶሮ ብቻ ናት። ልጄ ግን የራሴ ነው፤ እሱን አልተዋስኩትም።»

ዕንባዬ መጣ፤ አሁንም ስጽፈው ይመጣል። የልጅቱ አባት ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡና ጓደኛቸውን አዩ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በል እንግዲህ አንተም ተናገር አሏቸው። ሰውየው ለመናገር ሲሞክሩ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

«በቀደም እኔ ቤት ሲመጡ ያቺን በቅሎ አይተው አልነበር?» አሉ። «የእኚህ ናት።»

ሽማግሌው፣ ያውም የላክኋት ደህና፣ የተመለሰችው አንካሳ ሆና ነው ብለው አከሉበት። እማማ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ፤ ሳቁ፤ መጨረሻ ላይ መሬት ተቀምጠው ሳቁ። ያቺን በቅሎ ያዩ ቀን እንቅልፍ አጥተው እንዳደሩ፣ በቅሎ ላለው ሰው ምን አሳየዋለሁ ብለው ተጨንቀው ጎረቤት መለመን እንደጀመሩ ያኔ ነገሩን። ሰውየው ደግሞ ልጃቸው እሱን ካላገባሁ ብላ እህል ከቀመሰች እንደሰነበተች አወጡት። እኔም ታብሌቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ከእነሱ ጋር ሳቅኩ። ሠርጉ በዚያው ለጥር ተቆረጠ።

የጋብቻው ነገር እንዲህ ዳነ፤ የላሟ ነገር ግን አልዳነም። ታብሌቱ የበረቱን ፎቶ ይፈልጋል። እኔ እማማን አመንኳቸው፤ ማርቆስ ያለው ተቆጣጣሪዬ ግን የሚያየው ከአጥር የተረፈ ከብት ነው። የጎረቤት ነው ብዬ እንዳልጽፍ ጎረቤቱ ሁሉ ጠዋት ላም የለኝም ብሏል። ታዲያ የማንም ያልሆነ ላም በማን በረት ከተገኘ የማን ሊባል ነው? ይህን ለእማማ ሳስረዳ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ምንም አይደለም ልጄ፣ ልጄ ይዳርልኝ እንጂ ላሟስ ትቅርብኝ አሉ። ትቅርብኝ ሲሉ ግን ዓይናቸው ወደ በረቱ ሄደ።

እኔ ደግሞ አፍንጫዬ ቀላ። ወጣሁ። እንደጠረጠርኩት የመንደሩ ሰው እዚህ ቤት መግባታችንን አይቶ ከአጥሩ ጀርባ ተኮልኩሏል፤ ቄሱም አሉ፣ ያቺ ባለ ትልቅ ድምፅ ሴትዮም አለች። ወገቤን ይዤ ላሞቹ የማን ናቸው አልኩ። አንዱ ሌላውን አየ። የማንም ካልሆኑ የእማማ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ፣ እማማም ዕጣ አይገቡም አልኳቸው። የእያንዳንዳቸውን ፊት አይቼ ምን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። የእኔ ናት ያለ ሰው የራሱን ዕጣ በገዛ አፉ ያጣታል። እነሱም እኮ ሀብታም አይደሉም። አንዲት ላም ያለው ሰው ሁለተኛዋን ቢመኝ ምን ያስገርማል? በቃ እማማን ሊተዉዋቸው ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ቄሱ ሰዉን ከፍለው ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«ዳለቻዋ የእኔ ናት» አሉ። «ጠዋት ያልኩሽን ሰርዢው። ሥጋ በልተዋል ወይ ስትዪኝ ታዝቤሽ ነበር፤ ለካ በጾም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዳለቻዋን በስሟ ጠሯት፤ ተንደርድራ ወጣች። ከዚያ ጥቁሯን አንዱ ወሰደ፣ በጎቹን ሌላው። ባለ ትልቅ ድምፅዋ ሴትዮ የመጨረሻዋ ነበረች። ቀይዋ ላም አይታት ትጮሃለች፤ እሷ ደግሞ የማታውቃት መስላ ወደ ጮቄ ታያለች። ሰዉ ሁሉ ሲያፈጥጥባት፣ እሺ የእኔ ናት አለች፤ ወተቷ ግን ያን ያህል አይደለም ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ታብሌቱ እንዲህ የሚል ቦታ እንደሌለው ብነግራት ሥራችሁ ጎዶሎ ነው ብላ ላሟን እየነዳች ሄደች። አልጋው በጀርባ፣ ቴርሞሱ በብብት ወጣ። የጠዋቱ መልስ ኔትወርክ አጥቶ እዚያው ታብሌቱ ውስጥ ስለነበር እያንዳንዱን ከፍቼ አስተካከልኩት። የበረቱን ፎቶ ሳነሳ የእማማ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ መሃል ገባች።

የቀረን መሰላሉ ብቻ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፤ የልጅቱ አባትና ሽማግሌው ሊሄዱ ጋቢያቸውን እያጣፉ ነው። እማማ ሥዕሉን አጎንብሰው አዩት፤ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ላይኛው እርከን ላይ አሳረፉት። አልገባቸውም ብዬ እንደገና አስረዳኋቸው፤ ይሄ ላይኛው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ነው፣ እማማ አልኳቸው።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉ። «ልጄ ሊዳር ነው፤ ጎረቤቴ አላሳፈረኝም። ከዚህ በላይ ካለው አሳዪኝ።»

የለውም አልኳቸው።

በማግስቱ ተቆጣጣሪዬ ደወለ። ኮምፒውተሩ አንድ ቤት ላይ ቀይ አብርቷል፤ ንብረት አንዲት ዶሮ፣ መሰላል ላይኛው እርከን ይላል። ሴትዮዋ ጥያቄው አልገባቸውም ይሆናል፣ አስተካክይው አለኝ። ከሁላችንም ይበልጥ ገብቷቸዋል፣ አላስተካክልም አልኩት። ተነፈሰና ተወው።

ዕጣው ከፋሲካ በፊት ወጣ፤ ላም የሌለው ቤት ጥቂት ስለነበር ለእማማም ደረሳቸው። ግንቦት ላይ ላሟ በደህና መያዟን አረጋግጪ ተብዬ እንደገና ዳገቱን ወጣሁ። የልጃቸው ሚስት ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣለች። እማማ አቅፈው ሳሙኝ። በረቱን አየሁ፤ ባዶ ነው። ሸጧት? ሞተች? ታብሌቱ ምክንያቱን ምረጪ ይለኛል፤ ሞታለች፣ ተሸጣለች፣ ተሰርቃለች፣ ሌላ።

ላሟ የት ሄደች አልኳቸው። እማማ እግራቸውን አዩ፤ ምራታቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቄሱን ልጅ ሊያዩ ዛሬ አማቾች መጥተውባቸዋል» አሉ። «እባክሽ፣ እሳቸው ቤት ዛሬ አትግቢ።»

«ሌላ» የሚለውን ነካሁና ባዶው ቦታ ላይ «ጎረቤት አማች መጥቶበት» ብዬ ጻፍኩ። የቄሱን ቤት ለነገ አሳደርኩት።